ንፋስ እንዳይመታን

ከአምበር አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስንቁን ሊረሳ ይችላል፤ መታወቂያውን ቤት ትቶ ፍተሻ ላይ ሲለማመጥም ታይቷል። ንፋስን መፍራት ግን አይረሳም። ጎህ ሳይቀድ፣ በዚያ የአነደድ ወረዳ ብርድ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ደርቦ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ተሳፍሮ ወንበር እንደያዘ የመጀመሪያ ሥራው መስኮቱ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን ማረጋገጥ ነው። የራሱን ከጨረሰ በኋላ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው መስኮት ይዘጋለታል። «ምን አገባህ?» የሚለው የለም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ተብሎ ይመረቃል።

እስከ ደጀን ድረስ በዚህ ልማድ ላይ ክርክር የለኝም። አምበርም በመንገዱ ላይ ያለችው ሉማሜም ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት መስኮት የሚከፍት ሰው ጠበል ቢጠመቅ አይጎዳውም። ነገር የሚበላሸው ከደጀን በኋላ ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ወለል መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አየሩም በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የሞጣና የቢቸና መንገደኛም መንገዱ ደጀን ላይ ስለሚገናኝ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ረዳቱ ሹራቡን ያወልቃል። ተሳፋሪው ግን ጋቢውንም መስኮቱንም አይነካም። ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ ጋ ሲደረስ መስታወቱ በትንፋሽ ደፍርሷል፤ የእናቶች አናት ላይ ያለው ለጋ ቅቤ ቀልጦ በጆሮ ግንድ እየወረደ ነው። ስድሳ ሰው ዝም ብሎ ያልበዋል። አንድም ሰው «ሞቀኝ» አይልም።

የሚያሳዝነው የተሳፋሪው ሰውነት በዚያች ሰዓት ግዴታውን በሚገባ እየተወጣ መሆኑ ነው። በአንድ ሰው ቆዳ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች አሉ፤ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠጋጋሉ። እያንዳንዷ ዕጢ ታችዋ የተጠቀለለ፣ ጫፏ ቆዳ ላይ የሚከፈት ቀጭን ቱቦ ናት። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ደሙ መሞቁን ሲያውቅ በነርቭ ትእዛዝ ይሰዳል፤ ዕጢዎቹም ውሃና ጨው እየቀዱ ወደ ላይ ይልካሉ። እስከዚህ ድረስ ሰውነት ብቻውን ይወጣዋል። የቀረውን ሥራ የሚጨርሰው አየር ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለወጣ አይደለም፤ ስለተነነ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሳይተን ከአገጭ ተንጠባጥቦ ጋቢ ላይ የወደቀው ግን ጋቢ ከማርጠብ ያለፈ ጥቅም የለውም። በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ አየሩ በስድሳ ሰው ትንፋሽ ስለጠገበ ሌላ እንፋሎት አልቀበልም ይላል። ዕጢዎቹ ይህን ማን ይንገራቸው? «ገና አልበረደም» የሚል ትእዛዝ ስለሚደርሳቸው ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ።

የድሮው ጎጃሜ ይህ ነገር በግማሽ ገብቶት ነበር ባይ ነኝ። ከታች ቁምጣ፣ ከላይ ጋቢ። ባት፣ ጉልበትና ቅልጥም ለአየር የተሰጡ ናቸው፤ ላብ ይውጣ ቢባል ተንኖ የሚሄድበት ሰፊ ቦታ አለው። ከወገብ በላይ ግን የክብር ጉዳይ ስላለ ሳይንስ አይገባም። ከተሜው ዘመድ ቁምጣውን እያየ ይስቃል፤ ራሱ ግን በሱፍ ሱሪ፣ በካልሲና በቆዳ ጫማ ታሽጎ ከጎኑ ተቀምጧል። ዓባይ ወለል ላይ ከሁለቱ ማን እንደሚሻለው ፊታቸውን ማየት ይበቃል።

ላብ ጨው አለው፤ ጨው ከተነሳ ደግሞ የበሶን ገበያ ሳይጠቅሱ ማለፍ በዚህ አገር ነውር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶ ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ አሞሌ ጨዉም ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በአህያ ተጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት ነው የሚደርሰው። የላብ ቱቦም የራሱ ኬላ አለው። ከሥር፣ ከጥቅልሉ ውስጥ፣ ላቡ ሲነሳ ጨዋማነቱ ከደም ፈሳሽ ብዙም አይለይም። ወደ ላይ ሲጓዝ ግን የቱቦው ግድግዳ ጨውን እየቀረጠ ወደ ሰውነት ይመልሰዋል፤ ቆዳ ላይ የሚደርሰው ጨዉ የቀለለ ውሃ ነው። ታዲያ ቅፍለቱ ሲበዛ ኬላ ጠባቂው ይጨናነቃል። ላቡ በብዛትና በጥድፊያ ሲመጣ ሳይቀረጥ የሚያልፈው ጨው ይበዛል። ውድማ ላይ የዋለ ሰው ሸሚዙ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ ካርታ የሚሣልበት ለዚህ ነው።

ጠባቂው ግን ሊሠለጥን ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን ጎልማሳ ውሰዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ያዞረዋል፤ ጨው ያልቅበታል፤ ጡንቻው ይሸማቀቃል። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰውነቱ ይለምዳል፦ ቶሎ ያልበዋል፣ ብዙ ያልበዋል፣ ላቡ ውስጥ ያለው ጨው ግን ይቀንሳል። ዓባይን በአንድ ሰዓት የሚሻገር የአምበር ሰው ይህን ትምህርት የሚቀስምበት ጊዜ የለውም። ጠባቂው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ከዓባይ ማዶ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል።

ኬላው ከተፈጥሮ ፈርሶባቸው የሚወለዱም አሉ። በ1948 እ.ኤ.አ. በጋ ኒውዮርክ ላይ ኃይለኛ ሙቀት ሲወድቅ ደክመው ሆስፒታል ከገቡት ሕፃናት ብዙዎቹ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው የዘር በሽታ ያለባቸው መሆናቸውን ሐኪሞች አስተዋሉ። ፖል ዲ ሳንታኜዜ የሚባል ሐኪም ነገሩን ተከታትሎ በ1953 እ.ኤ.አ. የእነዚህ ልጆች ላብ ከሌላው ሰው እጅግ የበለጠ ጨዋማ መሆኑን አሳየ። የአውሮፓ ባልቴቶች ግን ቀድመውታል፤ ግንባሩ ሲሳም ጨው ጨው የሚል ልጅ ዕድሜው አጭር ነው ይሉ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ኩዊንተን የተባለ ተመራማሪ የላብ ቱቦው ክሎራይድን መልሶ መውሰድ እንደተሳነው አረጋገጠ። ኩዊንተን ራሱ የዚህ በሽታ ታማሚ ነበር። በሽታው ሳንባና ቆሽትን የሚያጠቃ ሆኖ ሳለ ምርመራው እስከ ዛሬ ክንድ ላይ ላብ አስወጥቶ ጨዉን መለካት ነው። አያቶቻችን ልጅ ሲስሙ ግንባር ላይ ከንፈራቸውን ረዘም አድርገው የሚያቆዩት ለፍቅር ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁን ትንሽ እጠራጠራለሁ።

ስለ ላብ ተነስቶ የአገር ኩራት ካልተነሳ ወጉ ይጎድላል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጥር 2001 ዓ.ም. የዱባይን ማራቶን በዝናብ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ሮጦ ሲያሸንፍ ከሰውነቱ ክብደት 9.8 በመቶ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በሰዓት ከ3 ሊትር በላይ ላብ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የስፖርት ሕክምና መመሪያ «ከ2 በመቶ በላይ ከቀነስክ አቅምህ ይወርዳል» የሚል ነበር። ኃይሌ መመሪያውን ያነበበው አይመስልም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያፈሰሰው ሰው ከፊቱ ንፋስ እየመታው ነበር፤ ያዳነውም ያ ንፋስ ነው። የሚሮጥ ሰው የራሱን ንፋስ ይሠራል። አውቶቡስም ይሠራል፤ መስኮቱ ከተከፈተ።

የሰው ልጅ ጠቅላላ ታሪክ በዚህ በኩል የተሠራ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ላብ ይኑራት አይኑራት አጥንቷ አይናገርም፤ ከእሷ በኋላ በመጡት የሰው ዘሮች ግን ጠጉር እየሳሳ፣ የላብ ዕጢ እየበዛ ሄዷል። ውሻ በዋናነት በማለክለክ ነው ሙቀቱን የሚያስወግደው፤ የላብ ዕጢ ቢኖረውም ዋናው ቦታው መዳፉ ሥር ነው። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ሲሮጥ ይደክማል፤ ሰው ግን እያላበው ይቀጥላል። በቀትር ላይ አውሬን አድክሞ የመያዝ ብልሃት የመጣው ከዚህ ነው ይባላል። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት የለፋንበት ጸጋ መጨረሻው ዓባይ በረሃ ላይ መስኮት ተዘግቶበት መቅረት ነበር?

አሁን ወደ ንፋሱ ልምጣ። «ንፋስ መታኝ» እና «ምች መታኝ» የሚሉትን ሕመሞች የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። የሚሾፍባቸው የተማረ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልሾፍም። እስቲ ሕጉ የት እንደተደነገገ እንመልከት። ኅዳር ነው፤ ወንፈል ነው። ሰዉ ጤፍ ሲያጭድ ውሎ ጀርባው ረጥቧል። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ንፋስ ይነሳል። ሥራው ስለቆመ ሰውነት ሙቀት ማምረቱን ቀንሷል፤ እርጥቡ ሸሚዝ ግን መትነኑን አላቆመም፤ ንፋሱ ደግሞ ያጣድፈዋል። በዚህ ሰዓት እናት ከጓሮ «ጋቢህን ደርብ! ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ እንዳይመታህ!» ብላ ብትጮኽ የፊዚክስ መምህር የሚጨምርበት ነገር የለም። ጡንቻ ይጨብጣል፤ ሰው ይንቀጠቀጣል። ሕጉ ትክክል ነው። ችግሩ ሕጉ አምበር ላይ ተሳፍሮ ደጀን ላይ አለመውረዱ ነው። የደጋ ሕግ ቆላ ወርዶ ይፈርዳል።

በዳማከሴው ላይም እንዲሁ። ምች ሲመታን ቅጠሉ ታሽቶ ይጨመቃል፤ ይጠጣል፤ ይሸተታል። ከዚያ ጋቢ ላይ ጋቢ ተደርቦ «ላብ ይውጣለት» ይባላል። ላቡ ሲመጣ ቤተሰቡ በደስታ ይተያያል። ዳማከሴን አላማም፤ በአይጦች ላይ ሲሞከር ትኩሳት ማብረዱ ታይቷል። ክብሩን ያለ አግባብ የሚወስደው ጋቢው ነው። ትኩሳት ሲይዘን አንጎል የሙቀት ልኩን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ ስለዚህ ገላችን እየነደደ እንንቀጠቀጣለን። ሕመሙ ሲለቅ ልኩ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሰውነት የተረፈውን ሙቀት ለመጣል ያልበዋል። ላቡ የመዳን ምልክት እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ይህን ለአንድ ዘመዴ ሳስረዳ በጥሞና ሰምቶኝ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ሦስተኛውን ጋቢ ደረበልኝ።

ሽታ ነውና ሁሉም የሚፈራው፣ ስለ ሽታውም ልናገር። ትኩስ ላብ አይሸትም። በመላ ገላ ላይ ያለው ዕጢ የሚያወጣው ጨውና ውሃ ነው። ብብትና ጭን መካከል ያለው ሌላ ወገን ነው፤ ልጅ ሳለን ያንቀላፋል፣ ጉርምስና ሲመጣ ይነቃል፤ የሚያወጣውም ፈሳሽ ቅባትና ፕሮቲን የተቀላቀለበት ነው። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች፣ ኮሪኔባክቴሪየምና ስታፊሎኮከስ ሆሚኒስ የመሳሰሉት፣ ያን ፈሳሽ ሰባብረው ሲበሉ የሚተርፈው ትነት ነው አፍንጫ የሚያስይዘን። በ2006 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የጆሮ ኩክ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆን በአንድ ዘረ መል እንደሚወሰን አሳወቁ። ያው ዘረ መል የብብትንም ጠረን ይወስናል። ኩካቸው ደረቅ የሆነ አብዛኞቹ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ብብታቸው እምብዛም አይሸትም፤ እኛ አፍሪካውያን ግን ኩካችን እርጥብ ነው። ስለዚህ አውቶቡስ ውስጥ አፍንጫውን ሸፍኖ የሚገላምጣችሁ ጎረቤት ቢገጥማችሁ ጆሮውን ይመርምር።

ሎሚ ቆርጠው ብብታቸውን የሚያሹ ሰዎች ያለ ሳይንስ አልነበሩም፤ ኮምጣጣ ነገር ለባክቴሪያዎቹ አይመችም። የሱቁ ዲዮዶራንት ባክቴሪያውን ይቀንሳል ወይም ሽታውን በሌላ ሽታ ይሸፍናል፤ አሉሚኒየም ያለበት ደግሞ የቱቦውን አፍ ለጊዜው ይደፍናል። ይህ ንግድ በኀፍረት ነው የተስፋፋው። በ1919 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ስለ ሴት ብብት በግልጽ የሚናገር ማስታወቂያ ወጣ፤ 200 ያህል አንባቢዎች ተቆጥተው መጽሔቱን ተዉ። የሸቀጡ ሽያጭ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ። ብብት ላይ ደጋግሞ የሚወጣ፣ የሚመግል፣ ጠባሳ ትቶ የሚመለስ እባጭ ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ቬርኔይ በ1854 እ.ኤ.አ. የላብ ዕጢ በሽታ ነው ብሎ ፈረደበት፤ ዛሬ ግን መነሻው የጠጉር ሥር መሆኑ ታውቋል። ታማሚው ቆሻሻ ስለሆነ አልመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ሲጋራና ውፍረት ያባብሱታል። በመርፌ ከመጎርጎር የቆዳ ሐኪም ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መዳፉ የሚያልበው ሰው ነው። የመዳፍ ላብ ከሙቀት ይልቅ ለጭንቀት የሚታዘዝ ነው፤ ፈተና ላይ የመልስ ወረቀት ያረጥባል፣ እስክሪብቶ ያንሸራትታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ይህ ከልክ ያልፋል፤ ከልጅነት ይጀምራል፣ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል፣ በእንቅልፍ ጊዜ ይቆማል። ሌላ አገር እጅ ለሴኮንድ ተጨብጦ ይለቀቃል። አምበር ገበያ ላይ ግን እጅ አንዴ ከተያዘ የሚለቀቀው ጤናው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡና አዝመራው በየተራ ተጠይቀው ካለቁ በኋላ ነው። እጁ የሚያልበው ሰው ከብቱ ላይ ሲደረስ ሊሰወር ይመኛል። አንድ የማውቀው ሰው ብልሃት ፈጠረ፤ ገና ከሩቅ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ትከሻውን ይሰጣል። ትከሻ ለትከሻ ሲጋጭ ኖሮ በመንደሩ «እንዴት ያለ አፍቃሪ ሰው ነው!» ተባለ። መድኃኒቱስ? ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ቅባት ይጀመራል፤ እጅን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀላል የኤሌክትሪክ ፍሰት ማሳለፍ አለ፤ የቦቶክስ መርፌም አለ። የመጨረሻው ነርቩን በቀዶ ሕክምና መቁረጥ ነው። ከዚያ በኋላ እጁ ይደርቅና ጀርባው ወይም ሆዱ ማላብ ሊጀምር ይችላል። መንግሥት ያልፈቀደለት ላብ በሌላ በር ይወጣል።

ሌሊት አንሶላ የሚያርሰው ላብ ግን ለሳቅ አይሆንም። ሙቀት ሳይኖር ሌሊት የሚያልበው፣ ክብደቱ የሚቀንስ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ለዚህ በሽታ የሚመቸው ቦታ ሰው የታጨቀበት፣ አየር የማይዘዋወርበት ቤት ወይም መኪና ነው። የጤና ባለሙያዎች «መስኮት ክፈቱ» ሲሉ ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ እንኳ ጭንብሉን አጥልቀን መስኮቱን ዘግተን ተሳፈርን። ከበሽታውም ከንፋሱም ተጠበቅን ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁ መስሎኝ አንድ ጊዜ ከደጀን በታች መስኮት ልከፍት እጄን ዘረጋሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በዱላቸው ጫፍ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ንፋስ ልታስመታን ነው?»

«አባባ፣ ሞቀን እኮ! እርስዎንም አልቦዎታል።»

«ሙቀት ገድሎ ያውቃል? ንፋስ ነው የሚገድል።»

ሙቀትም ይገድላል ልላቸው ነበር። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ንግግሩ የተምታታበት ሰው አፋጣኝ እርዳታ ካላገኘ ይሞታል፤ እርዳታውም ልብሱን ማውለቅ፣ ውሃ ማርከፍከፍና ንፋስ ማግኘት ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት አራስ ልጇን በሦስት ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች፤ የልጁ አንገት ላይ የላብ ቱቦ ሲደፈን የሚወጣው ደቃቅ የሙቀት ሽፍታ ይታየኛል። ጨርቁን አላልታ አየር ብታስገባለት በቀናት ውስጥ ይጠፋ ነበር። ግን አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ እያየኝ ስለነበረ እጄን ሰበሰብሁ። ረዳቱም «ፋዘር ልክ ናቸው፣ ዝጋው ብራዘር» አለኝ፤ እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ወደ ውጭ አስግጎ ነው ይህን የሚለኝ።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን አንዲት እናት ከመሃል ጮኹ።

«ኧረ ዶሮዬ! ኧረ ልትሞትብኝ ነው!»

ሁሉም ብድግ አለ። ዶሮዋ እግሯ ታስሮ ወንበር ሥር ነበረች፤ አዲስ አበባ ለወለደች ልጃቸው የሚወስዷት ናት። አፏ ተከፍቷል፣ ክንፏን ዘርግታለች፣ ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ወፍ የላብ ዕጢ የሚባል ነገር የላትም፤ ዶሮ በጤናዋም ቀን የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዋና መውጫዋ ማለክለክ ነው። ከእኔ በቀር በዚያ አውቶቡስ ውስጥ «ሞቀኝ» ብላ በግልጽ የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች።

«በስንት ገዟት?» አለ አንዱ።

ዋጋውን ተናገሩ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። ከዚያ ያ በዱላ የነኩኝ ሽማግሌ ራሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ክፈት እንጂ አንተ! ምን ታያለህ? የሰው ንብረት ሊጠፋ!» ብለው አምባረቁብኝ። ከፈትሁ። ፊት ያለውም ከፈተ፤ ኋላ ያለውም ከፈተ። ለዶሮዋ ሲባል ስድሳ ሰው ንፋስ አገኘ። ግንባሮች ደረቁ፤ ሕፃኑ ማልቀሱን ተወ፤ አንዱ ጨዋታ ጀመረ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ትንሽ ዝቅ አደረጉ።

አውቶቡሱ ግን መውጣቱን አላቆመም። ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ስንደርስ የደጋው ንፋስ በአሥራ ምናምን መስኮት ገባ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ሸሚዙ እርጥብ መሆኑ ትዝ ያለው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡና «በሉ አሁን ዝጉት» አሉ። ፍጹም ትክክል ነበሩ፤ ሳይንሱም አምበርም ከእሳቸው ጋር ነው። እጄን ወደ መስኮቱ ስዘረጋ የዶሮዋ ባለቤት ከመሃል «አይዘጋም! ዶሮዬ ገና ነፍሷ አልተመለሰም!» አሉ። ማንም ሊከራከራቸው አልደፈረም። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስነጠሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገርሁህ አልነበር?»